ጭንብሉ ሲወልቅ የተዘጋችው ራዲዮ

በስፌት ፋብሪካው ውስጥ የጃኬት ዚፕ ገጣሚዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ራዲዮ» ነው የምትባለው። ጠዋት የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ አፏም አብሮ ይነሣል። ስለ አማቷ ጉልበት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስላየችው ጠብ ስትተርክ፣ እጇ ለብቻው ዚፑን በማስመሪያ የተሰመረ አስመስሎ ይገጥማል።

ወረርሽኙ መጥቶ በየመኪናው መሐል ፕላስቲክ ሲጋረድ፣ ሰዉም አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሲሸፍን «በቃ፣ ራዲዮ አለቀላት» ተብሎ ተሳቀ። ለእሷ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነላት። ድምፅ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ምን ችግር አለ? ከፕላስቲኩ ማዶ የጃኬት እጅጌ የምትሰፋው ጎረቤቷ ከዐይኗ በቀር አትታይም፤ ራሷን ግን ወደ ላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ራዲዮ ማታ ለባሏ፣ «እንዲህ ልብ ብሎ የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም!» ትል ነበር።

በሽታው አለፈ፤ ፕላስቲኩ ወረደ፤ ጭንብሉም ወለቀ። በዚያው ጠዋት ራዲዮ ወሬዋን ገና ስትጀምር ጎረቤቷ መንጋጋዋ እስኪላቀቅ አዛጋች። ያ ሁሉ ራስ መነቅነቅም ለካ የስፌት መኪናው ንዝረት ነበር። ራዲዮም ተዘጋች።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለእሷ ግን የተጣመመ ዚፕ ሆነባት። ወሬው ሲቀር እጇን ማየት ጀመረች፤ እጇም የታየ ጊዜ ይደናበራል። ቤት ስትገባም ያው ነው። ልጇ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ባሏ «ምነው፣ ያልነገራችሁኝ መርዶ አለ እንዴ?» አለ።

የክፍሉ ተቆጣጣሪ ካቦው፣ እሷ ከሠራቻቸው ጃኬቶች አንዱን ለብሶ ዚፑን ሳበ። አንዱ የአንገት ጫፍ አገጩ ሥር ቀረ፣ ሌላው ጆሮው ሥር ደረሰ።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ይህን የሚገዛ አንገቱ የተጣመመ ሰው ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ወደ ክር ቆረጣ ትዛወሪያለሽ።»

ክር ቆረጣ የጀማሪ ሥራ ነው። በስፌት መኪናዋ ላይ ፀጉሯን ያሸበተችው ራሷ፣ መቀስ ይዛ ሌላው ከሰፋው ላይ ክር ስትለቅም ታያት።

«ጋሼ፣ ፕላስቲኩንም ጭንብሉንም ያስመልሱልኝ!»

«ሰው ሁሉ እፎይ ባለበት?» ግራ ቢገባው፣ ድርጅቱ ከወረርሽኙ በኋላ ወደቀጠራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ላካት።

ባለሙያዋ ፕላስቲኩን የሚረግም ሰው ስትሰማ ነበር የከረመችው፤ የሚናፍቀው ሲመጣ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምን ይሰጥሽ ነበር?»

«ጆሮ!»

«ፕላስቲኩ?»

«ፕላስቲኩና ጭንብሉ ካሉ ሰው በወሬዬ ሲሰላች አይታየኝማ!»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። «ስንት ጊዜ ዐይን ብቻ እያየን ሠርተን፣ ሙሉ ፊት ሲመጣብን ብዙዎቻችን ደንግጠናል። ግን ጎረቤትሽን ጠይቀሻታል?»

«ማዛጋት አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ?»

«ግድ የለሽም፣ ጠይቂያት።»

ዓርብ ጠዋት ራዲዮ ወገቧን ይዛ ከጎረቤቷ ፊት ቆመች። ጎረቤቷ የሰፋችውን እጅጌ መልሳ እየተረተረች ነበር።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ሁሉ ሳወራልሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«አንዲት ቃል አልሰማሁም።»

«አንዲት?»

«እኔ እቴ፣ ሌሊቱን የልጅ ልጅ ሳባብል ነው የማድረው። እዚህ ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ነቅቼ የምውለው ባንቺ ድምፅ ነው። ዝም ካልሽ ወዲህ ይኸው የግራውን በቀኝ እየሰፋሁ ስተረትር እውላለሁ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምን አዛጋሽ?»

«ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ አያዛጋም? አውሪ ባክሽ! የፈለግሽውን አውሪ!»

«አንዲት ቃል!» ራዲዮ በንዴት መኪናዋ ላይ ዘፍ አለች። ፔዳሉን ረገጠችና ስለ ጎረቤት ክህደት ጀመረች፤ ከክህደት ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ቤት ኪራይ እየተሻገረች እስከ ምሳ ትንፋሽ አልሰበሰበችም።

ካቦው መጥቶ ከተከመረው አንድ ጃኬት አንሥቶ ለበሰ። ዚፑን እስከ አገጩ ስቦ አንገቱን ግራና ቀኝ አዞረ። ቀጥ ብሏል።

«ከመኪናሽ አትነሺ» አላትና ወደ ጎረቤቷ ዞረ። «ምን ብላ ነው የዳነችው?»

«እኔ እንጃ፣ አልሰማኋትም» አለች እጅጌ ሰፊዋ፣ ዐይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

«ሰሙ ጋሼ? ሰሙልኝ? ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት!»

ካቦው ጃኬቱን ሳያወልቅ ሸሸ።