ማመልከቻ ከቀረ በኋላ የጻፍኩት ማመልከቻ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ሴቻ በሚባለው የላይኛው ሰፈር፣ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ዝንብ እሽ እላለሁ። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንግድ ፈቃድ ፈልጎ የመጣ ሰው በእኔ እጅ አልፎ ነበር ወደ ውስጥ የሚገባው።

አሁን አሠራሩ ተቀየረ። ሰው መታወቂያውን ይዞ መስኮቱ ጋ ይቀርባል፣ እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ትሞላለታለች፣ በቃ። ማመልከቻ የሚባል ነገር ቀረ። ለአገር ጥሩ ነው፣ አልዋሽም... ለእኔ ግን አብሮ የቀረው እንጀራዬ ነው።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽማግሌ መጡ። አቶ አንጁሎ ይባላሉ፣ ከደጋው፣ ከገረሴ ነው የወረዱት። የራሳቸውንም የጎረቤትም አፕል ሰብስበው ይሸጣሉ። እዚህ ከተማ ያለ አንድ ሆቴል በቋሚነት ሊረከባቸው ተስማምቶ፣ መጀመሪያ ንግድ ፈቃድ ያምጡ ብሏቸዋል።

«ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

አባባ አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ይግቡ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። ሳምንት ሙሉ ደንበኛ አላየሁም። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩ አይመስለኝም። ሂሳቤንም ተቀበልኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፈቃዳቸውን ይዘው ወጡ። ፊታቸው በርቷል። ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ፣ ወደ አገራቸው መኪና ይወርዳሉ ስል ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ልጅቷ ማመልከቻውን ሳትቀበል «ይያዙት» ስትላቸው፣ አንብባው የጨረሰች መስሏቸዋል፤ የመጡት ሊያመሰግኑኝ ነው። አይ እኔ! እግዜር ይስጥልኝ ሲሉኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ዙሪያዬን ቃኘት አደረጉና የእኔ ፈቃድ የት እንደተሰቀለ ጠየቁኝ። ልጅቷ የእሳቸውን የሚታይ ቦታ ላይ ይስቀሉት ብላቸዋለች። የለኝም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ለስንቱ ሳስወጣ ለራሴ አውጥቼ አላውቅም። የድሮውን ጣጣ ከማንም በላይ ስለማውቀው ፈርቼው ኖሬያለሁ።

«ና፣ ተነሳ» ብለው እጄን ያዙኝ። የሽማግሌ እጅ መንጭቆ ማምለጥ እኛ ጋ አይታሰብም። ወስደው መስኮቱ ጋ አቆሙኝ። ልጅቷ የሥራ ዘርፌን ስትጠይቀኝ ድምፄን ቀነስ አድርጌ ማመልከቻ እጽፋለሁ አልኳት።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ማመልከቻ መቀበል ካቆምን ወር አለፈን» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም።

አቶ አንጁሎ እጄን ለቀቁት። ማመልከቻውን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አውቀህ ነው?»

«አዎ አባባ... አውቄ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሞ ውስጥ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ያጠፋኸውን ከደበቅከው ጦሱ ቤትህ ድረስ ተከትሎህ ይመጣል፣ አውጥተህ ከተናገርክ ግን ይለቅሃል። ለሽማግሌው ገንዘባቸውን ስመልስላቸው ተቀበሉኝ፤ ባይቀበሉኝ ይብስብኝ ነበር። ከዚያ «ተናግረሃል፤ አለቀ» አሉኝና ወደ ልጅቷ ዞረው ለዚህ ልጅ የሚሆን ሥራ ፈልጊለት አሏት። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጅ ሲሉኝ ግን አልተከራከርኩም።

ፈለገችልኝ። በጽሕፈት አገልግሎት ፈቃድ አወጣሁ። አሁን እዚያው በረንዳ ላይ የሰው ቅጽ በስልክ እሞላለሁ። መስኮቱ ጋ በነጻ እንደሚሞላ ግን መጀመሪያ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ሰልፉን ሸሽቶ እኔ ጋ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ስም «በትሕትና እጠይቃለሁ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ... በራሴ ስም ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ሲመጣ አንዲት መስመር ጠፋችኝ።