ሃያ ባሕር ዛፍ በቀይ ቀለም

ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም፣ ብሩሽና ቅጽ ተሰጠኝ። ከኮልፌ በላይ ካለው ዳገት ያረጁ ባሕር ዛፎችን መርጬ እቀባለሁ፤ የተቀባው ይቆረጣል። አለቃዬ የደን ባለሙያው አቶ ግርማ ነበሩ።

"ቅጹ ላይ ጥቅም በሚለው ቦታ ወይ ማገዶ ወይ አጣና ብለሽ ሙዪ። እስከ ማታ ሃያ ካልቀባሽ ነገ እንዳትመጪ" አሉኝ። የሙከራ ቅጥር ነኝ፤ ቤት ደግሞ ሦስት ልጆች አሉኝ። ነገማ መምጣት አለብኝ።

ብሩሼን ሳነሣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሴትዮ ግማሽ ጸጉራቸውን ተሠርተው እየሮጡ መጡ።

"ቤቴን ልትቀቢ ነው?" ሰፈራችን ውስጥ ቀይ የተቀባ ቤት እንደሚፈርስ ሁሉም ያውቃል።

"ኧረ ዛፉን ነው።"

"ባሰ! ከባሌ ጋር ስጣላ የምቀመጠው እዚህ ነው። ከተቆረጠ ልታረቀው ነው እንዴ?"

ምን ላድርግ፤ "መኳረፊያ" ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

ሁለተኛው ሥር ሐጂ ከማል የሚባሉ ሽማግሌ ቅጠል ይለቅማሉ። "ልጄ፣ ይሄ የጉንፋን መድኃኒቴ ነው፤ ቀቅዬ እታጠነዋለሁ።"

"አሁን ጉንፋን ይዞዎታል?"

"አልያዘኝም!"

"ታዲያ?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ!"

ሦስተኛው መንገድ ዳር ነበር። ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ፦ "ማዘር፣ ሰው ሁሉ 'ዛፉ ጋ ወራጅ' ነው የሚለኝ! ቆርጣችሁት የት ላውርድ?" ተሳፋሪውም አብሮ ተንጫጫ። "እሺ በቃ፣ በናታችሁ!" ብዬ "ፌርማታ" ጻፍኩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቅጹ ሞልቷል፣ ቀለሙ አልተነካም። እንጀራዬ ሲሄድ ታየኝ። ዳገቱ ሥር ካለው ቢሯችን ጀርባ ማንም "የኔ ነው" የማይለው አንድ ዛፍ አገኘሁና በንዴት ዙሪያውን ለቀለቅሁት።

አቶ ግርማ ስልክ እንደያዙ ከቢሮ ወጡ። "ምን ነካሽ አንቺ! ይሄ አይቆረጥም!"

"ለምን?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስብሰባ ሲጠሩኝ እዚህ ሥር ቆሜ 'ጫካ ነኝ' እላለሁ። ከተቆረጠ ልዋሽ ነው?"

ቅጹን ዘረጋሁላቸው። "ታዲያ ጥቅም በሚለው ላይ ምን ልጻፍ?"

ከላይ ጀምረው አነበቡት። "መኳረፊያ" ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ከታች "ሁሉም በጥናት ላይ ናቸው" ብለው ፈረሙ።

"ነገ በጠዋት ነይ። ነጭ ጋዝና ጨርቅ ይዘሽ፤ ይሄን ቀለም ታስለቅቂያለሽ።"

ዛሬ ፎርማን ነኝ። አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው፦ ዛፍ ከመቀባታችሁ በፊት ሥሩ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቁ።