በአባቴ ቅል ውስጥ የተገኘው ባሩድ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ አለበል ነው። ጊዜውም ደርግ ከወደቀ በሰባተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳ የደረሰ ሰሞን ነው። ስሙን የማነሳው እናንተ ልጆቹ ዛሬም በየሰርጉ «አክስታችን በሞላችው ጥይት አያ ፈንታ እጁን አጣ» እያላችሁ ስለምታወሩ ነው። አባታችሁ የነገራችሁን ይዛችኋል። አሁን ደግሞ የእኔን፣ የአክስታችሁን የየሺን ስሙ።

አባቴ በታች አርማጭሆ የታወቀ አዳኝ ነበር። ጥይት በማይገኝበት ዘመን የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ እየለቀመ፣ ቂጡ ላይ ያለችውን እሳት የምትጭር ቆብ እየለወጠ፣ ባሩድ ሞልቶ አረሩን እየገጠመ እንደገና ይተኩስበት ነበር። አለበል ለዚህ ሥራ ትዕግሥት አልነበረውም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ ተማርሁ። ሲሞት መሬቱንና በሬዎቹን ለአለበል፣ ምንሽር ጠመንጃውን፣ የባሩዱን ቅልና መስፈሪያውን ለእኔ ተወ። መስፈሪያው ለዚያ ባሩድ ብቻ ተለክቶ የተቆረጠ የፍየል ቀንድ ጫፍ ነው። አንድ ቀንድ ሞልቶ፣ አፉን በቢላ ጀርባ ጠርጎ፣ ለአንድ ጥይት። ሌላ ሚዛን አልነበረንም፤ አስፈልጎንም አያውቅም። አለበል ኋላ የራሱን ምንሽር ቢገዛም የአባታችንን ጠመንጃ ለእኔ መሰጠቱን አልረሳም።

በዚያ ጥቅምት አንድ ነብር ከወንዙ ጥሻ እየወጣ ፍየል ፈጀ። ኋላም ውኃ የወረደች ሴት በቀን ሲከተል ታየና ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ አለበልና ጎረቤታችን አያ ፈንታ። አያ ፈንታ ከሁለታችንም ይበልጣል። ዱካ በማንበብ የሚያህለው አልነበረም። ከጦርና ከጩቤ በቀር መሣሪያ አይዝም። «ጠመንጃ ያደነቁራል፤ እኔ የምኖረው በጆሮዬ ነው» ይል ነበር። እኔ በዋዜማው አሥር ጥይት ሞልቼ ዝናሬ ውስጥ አድርጌያለሁ።

ግማሽ ቀን ዱካውን ተከትለን ከሰሊጥ ማሳው ዳር ደረስን። ሣሩ ከወገብ በላይ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ወንዙ ገና ሩቅ ስለነበርና ጠመንጃዬ ክረምቱን ሙሉ ተሰቅሎ ስለከረመ ዒላማውን ልሞክር ብዬ ወደ አንድ ግንድ ተኮስሁ።

ድምፁ አጭርና ሹል ሆነብኝ። ትከሻዬን ከወትሮው አብልጦ ገፋኝ። መቀርቀሪያውን ልከፍት ስል እጀታው አልነሳ አለ፤ በመዳፌ መትቼ አስነሳሁት። የወጣውን ቀለህ ገልብጬ አየሁ። መርፌው የሚመታት ቆብ ጤነኛ ስትሆን ጠርዟ ክብ እንደሆነ ይቀራል። ይቺ ግን በመዶሻ እንደተቀጠቀጠች ተጨፍልቃ ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ሆናለች። ዙሪያዋን ጥላሸት ወጥቶባታል። ናሱ ላይ ደግሞ መቀርቀሪያው የፋቀው የሚያበራ ጭረት አለ። አባቴ «ምልክት አንድ ከሆነ ጠርጥሪ፤ ሁለት ከሆነ አቁሚ» ይለኝ ነበር። እኔ ከሁለት በላይ ቆጥሬያለሁ።

ምክንያቱን መፈለግ ያዝሁ። የቆላ ፀሐይ ጥይት ያግላል፤ የጋለ ባሩድ ይቆጣል። ዝናሬን ዳሰስሁት፤ ከነጠላዬ ሥር ስለነበር አልጋለም። ጠመንጃው ጥይት የሚጎርስበት ላይ ቅባት ቀርቶ እንደሆነ ብዬ በጨርቅ ጠረግሁ፤ ደረቅ ነው። ቀለሁ ረዝሞ አረሩን አንቆት እንደሆነ ብዬ ካልተተኮሰው ጋር አስተያየሁ፤ ልኩ ነው። ጠመንጃውን ጥላ ሥር አቆይቼ ሁለተኛውን ተኮስሁ። ያው ሆነ፤ እንዲያውም ይህን ጊዜ እጀታውን ያስነሳሁት በድንጋይ ነው። እንግዲህ የቀረው ባሩዱ ነው።

«አያ አለበል፣ ቅሉን የነካው ሰው አለ?» አልሁት።

ጋደም ብሎ ነበር፤ ቀና አላለም። «ማን ይነካዋል? ጠመንጃሽ አርጅቶ ነው። አባታችን ሲሰጥሽ አዲስ መስሎሽ ኖሯል?»

አያ ፈንታ ሣቀ። «ተዋት እንጂ። ያረጀ ሁሉ ሳይመታ አይነሳም። እኔንስ ሚስቴ ጧት ጧት በምን የምታስነሳኝ ይመስልሃል?»

እኔ አልሣቅሁም። አንዱን ጥይት ፈትቼ ባሩዱን በዓይኔ ልይ ብዬ ጉጠቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያን ጊዜ አለበል ተነሥቶ መጣና አንጓዬን ያዘኝ።

«ስምንት ጥይት ነው ያለሽ። አንዱን አፍርሰሽ በሰባት ልትገቢ ነው? እኔ ወንድምሽ አይደለሁም? ምንም የለውም አልሁሽ።»

ወዲያው ከወንዙ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ነብሩ ፍየል ይዟል። ጉጠቱን መለስሁት። ወንድሜ ነው ብዬ መለስሁት። አንድ ሌላ ነገርም አይቼ አልፌያለሁ፤ ሁልጊዜ ከእኔ ዝናር ጥይት የሚለምነው አለበል በዚያ ቀን የፋብሪካ ጥይት ይዞ ነበር።

ነብሩን ከፍየሉ ላይ አገኘነው። አለበል ከሩቅ ቸኩሎ ተኮሰና የኋላ እግሩን አገኘው። ነብሩ እየጎተተ ጥሻው ውስጥ ገባ። የቆሰለ ነብር ትቶ መሄድ ማለት ነገ ውኃ የሚወርደውን ሰው መስጠት ነው፤ ስለዚህ ገባን። አያ ፈንታ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ አለበል መጨረሻ። አያ ፈንታ እየተጎነበሰ ደሙን በጣቱ ይነካል። በረግረጉ ላይ ሦስት መዳፍ በደንብ ታትሟል፤ የአራተኛው ጭረት ብቻ ነው። ከዚያ ደሙ አንድ ቦታ ላይ በዝቶ ቆመ። አያ ፈንታ እጁን አነሣ። ቆምን። ወፍ እንኳ አልነበረም።

ነብሩ የመጣው ከጎን ነው። አያ ፈንታ ጦሩን ሳያዞር ደረቱ ላይ ወጣበት። አያ ፈንታ ቀኝ እጁን ነብሩ አፍ ውስጥ አግብቶበት አየሁ። አምስት እርምጃ ያህል ነበርሁ። ጠመንጃዬን ወደ ትከሻዬ ሳነሣ በዓይኔ ጠርዝ አለበልን አየሁት። መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ራሱን በክንዱ ሸፍኗል። ፊቱ ወደ ነብሩ ነው። የሸፈነው በእኔ በኩል ያለውን ጆሮውን ነው።

ተኮስሁ። ትኩስ ነገር ጉንጬንና ዓይኔን ገረፈኝ፤ ቀለሁ ቂጡ ላይ ተተርትሮ እሳቱ ወደ ኋላ መጥቷል። ነብሩ ተመታ እንጂ አልለቀቀም። እጀታውን በመዳፌ መታሁ፤ አልነሳም። በድንጋይ መታሁ፤ አልነሳም። «አያ አለበል፣ ተኩስ!» አልሁ። አልተኮሰም። ጠመንጃውን አዙሬ ይዤ ነብሩን በሰደፉ ራሱን ቀጠቀጥሁት። አያ ፈንታም በግራ እጁ ጩቤውን አግኝቶ ከሥር ይወጋ ነበር። የቱ እንደገደለው አላውቅም። ሲለቅቅ ግን የአያ ፈንታ ቀኝ እጅ እጅ አልነበረም።

አያ ፈንታን በቃሬዛ ወስደን ሳንጃ ከተማ ለሐኪም ሰጠነው። ሰፈር ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ሴት የሞላችው ጥይት ሰው አስበላ ተብሏል። አንድ ዓይኔ በጨርቅ እንደታሰረ ቅሉን አወረድሁና ነጭ ነጠላ ላይ ገለበጥሁት። አስቀድሞ የወረደው ስስ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነው። ከሥር የወረደው የአባቴ ነው፤ እንደ ሣር ጉድፍ የተቆራረጠ። ስሱን አውቀዋለሁ፤ ከሽጉጥ ጥይት የሚወጣ፣ ቶሎ የሚነድድ ባሩድ ነው። ለአንዱ የተለካ ቀንድ ለሌላው መግደያ ነው። እኔም ከላይ ከላዩ ሰፍሬ አሥር ጥይት ሞልቻለሁ።

ከዚያ ጥቅምት በፊት በነበረው ግንቦት እናታችንን ጎንደር ሆስፒታል ሳስታምም ቤቴን የሚጠብቀው አለበል ነበር። በዚያ ግንቦት የሚስቱ ወንድም ሲዳር አለበል ሲተኩስ መዋሉን ሰው ሁሉ ያውቃል። በማን ባሩድ ሞልቶ እንደተኮሰ የጠየቀው ግን አልነበረም።

አለበልን ጠርቼ ነጠላውን አሳየሁት። «ባሩድ ባሩድ ነው ብዬ ነው። ቅሉ ጎድሎ እንዳታገኚው ሞላሁት» አለኝ።

«ታዲያ ስተኩስ ለምን ጆሮህን ሸፈንህ?»

ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

ሽማግሎች ፊት ግን ካደ። ቅሉን እንዳልነካ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማለ። ሦስቱን ቀለሆች አስቀመጥሁላቸው፤ ተቀባበሉና መለሱልኝ። አያ ፈንታ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ «እኔ ዱካ አነባለሁ፤ ይህ የየሺ ዱካ አይደለም» አላቸው። እነሱ ግን እህትና ወንድም በባሩድ አይካሰሱም ብለው ታረቁ አሉን። አለበል ጉልበቴን ሳመ። እኔ አላነሣሁትም፤ ሌሎች አነሡት።

እናንተ ልጆች ጥይት ትሞላላችሁ አሉ። ከሰው እጅ የተመለሰ ባሩድ ነጠላ ላይ ሳትገለብጡ አትስፈሩ። ቀለሁ አንድ ነገር ሲነግራችሁ ሰው ሌላ ቢነግራችሁ፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ቀለሁን እመኑ። እኔ ሳላምነው ቀርቼ አንድ ዓይኔ ዛሬም ያለ ምክንያት ያለቅሳል።

ቀንዱንም ቅሉንም አቃጠልሁ። በሰሊጤ ሁለት በሬ ገዝቼ የአያ ፈንታን መሬት እስኪሞት ድረስ አሳረስሁ። አለበል የሞተ ቀን ኋላ ገብቼ ከምኖርበት ከጎንደር በመኪና ወርጄ እስከ በራችሁ መጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ አልገባሁም። ያን የተተረተረ ቀለህ ከበሩ ድንጋይ ላይ አቁሜ በዚያው መኪና ተመለስሁ።