በእርሳስ የተሰረዙ ስሞች

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መስመሩ ነው። ትምህርት ቤቱን ትቶ የሄደ ልጅ ስሙ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል፤ የመምህር ሁሉ ልማድ ነው። በመምህርት የሺአረግ የስም መጥሪያ ደብተር ውስጥ ግን አንድም ቀይ የለም። የሄደውን ሁሉ በእርሳስ፣ ያውም ሳትጫን፣ ስሙ ከሥር እንዲነበብ አድርጋ ነው የምትሰርዘው።

«ምነው አዴ የሺ፣ እስክሪብቶ አለቀብሽ?» ይላታል ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ደረሳ።

«የተመለሱ እንደሆነ ቀዩን በምን ላጥፋው?»

አባቷ ከጎጃም በጸሐፊነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነቀምት ነው። በገበያ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በክፍል በአማርኛ ታስተምራለች። የአማርኛውን አንደኛ ክፍል ስትረከብ ስልሳ ሁለት ልጆች ነበሯት። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከፊሉ ቤተሰቡን ተከትሎ ከተማውን ለቀቀ። አንድ ዓመት ደግሞ ከኪራሙ ወረዳ የተፈናቀሉት መጡና ክፍሉ እንደገና ሞላ። በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ፊደል ሲጮኹ ቆርቆሮው በዝናብ የሚመታ ይመስል ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ መኪና መጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዳቸው። ሠላሳ አንድ ስም፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ።

ከግድግዳው ወዲያ የሊሊሴ የኦሮምኛ ክፍል በየዓመቱ ይሰፋል። ሊሊሴ የሃያ ዓመት ወዳጇ ናት። መስከረም በመጣ ቁጥር አንገቷን በበሩ ታስገባለች።

«አዳዬ፣ ዘንድሮስ ስንት ዴስክ ልውሰድ?»

«ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ተዪልኝ፣ አንቺ ቀማኛ!»

ሁለቱም ይስቁ ነበር።

በዚህ ክረምት ግን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። እስከ ምዝገባው የመጨረሻ ዓርብ ድረስ ሃያ ልጅ ካልተመዘገበ የአማርኛው አንደኛ ክፍል አይከፈትም፤ የተመዘገቡት ወደ ሊሊሴ ይዛወራሉ፣ የሺአረግም ቤተ መጻሕፍት ትጠብቃለች።

ደብዳቤውን ሰምቶ መጀመሪያ የተነሣው አሻግሬ ነው። ሚስማርና ቀለም ይሸጣል፤ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ድሮ ፊደል ያስቆጠረችው የሺአረግ ናት። ልጁን ናዝራዊትንም ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ክፍሉ እንዳይዘጋ አቤቱታ በእጁ ጻፈ። ከሥሩ የሚመዘገቡትን ልጆች ሲዘረዝር በተራ ቁጥር አንድ የናዝራዊትን ስም አሰፈረ።

«እትዬ፣ እኔ እያለሁ ይሄ ክፍል አይዘጋም። እርስዎ ብቻ ሰዉን ያነጋግሩልኝ» አላት።

ዝርዝሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ጭቃውን እየረገጠች ቤት ለቤት ዞረች። የሚያመነታ ሲያጋጥማት ቁጥር አንድን ታሳየዋለች። «አሻግሬ የሱን ካስገባማ እኔ ከማን እበልጣለሁ» ይላሉ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አሥራ ዘጠኝ ተመዝግበዋል። አሻግሬ ብቻ ቀረ። ደወለች።

«መንገድ ላይ ነኝ እትዬ።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ኦቦ ደረሳ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ኋላ፣ ሊሊሴ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ስለ ዴስክ አልጠየቀችም። የሺአረግ ጊዜ ለመግፋት ያህል የሊሊሴን የስም መጥሪያ ሳበችና ገለጠች። ተራ ቁጥር ስልሳ አንድ ላይ ጣቷ ቆመ። ናዝራዊት አሻግሬ። የተመዘገበችው በሐምሌ ነው፤ አቤቱታው የተጻፈው በነሐሴ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ታውቂ ነበር?»

«ራሴ እነግራታለሁ አለኝ» አለች ሊሊሴ ቀና ሳትል። «በየቀኑ ዛሬ ይነግራታል እያልኩ… ዲፈማ፣ አዳዬ። ይቅር በዪኝ።»

«ጭቃ ለብሼ ስገባ ሻይ የምትቀጂልኝ አንቺ አልነበርሽ?»



በዚህ መሐል የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ናዝራዊት ቀድማ ወርዳ ሮጠችና የክርስትና እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች።

«እምዬ፣ በኦሮምኛ መቁጠር ቻልኩ! ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…»

አራተኛውን ረሳችው። አንጋጣ አየቻት።

«አፉር» አለች የሺአረግ፣ ፀጉሯን እየዳሰሰች። «ጎበዝ።»

አሻግሬ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ደረሰ። የተገለጠውን ደብተር ሲያይ ቁልፉ ቆመ።

«እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ኑሮዋ እዚሁ ነው። ነገ ሥራ ስትፈልግ በምን ቋንቋ ታመልክታለች? እርስዎስ ቢሆኑ?»

«እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ይሆናል። ግን እነግርህ ነበር። በስሟ ቤት ለቤት ለምን አስለመንከኝ?»

«ሊቀመንበር ነኝ እኮ እትዬ። ሰው ምን ይለኛል?»

ትኩር ብላ አየችው። ያን አፍ ሀ ሁ ያስባለችው እሷ ነበረች፤ ውሸቱን ማን እንዳስተማረው ግን አታውቅም።

«ኦቦ ደረሳ፣ ቀይ እስክሪብቶህን አውሰኝ።»

ደረሳ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ዝርዝሩን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቁጥር አንድ ላይ ያሰመረችው መስመር ወረቀቱን እስኪቀድ የጠለቀ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ለአሻግሬ አስጨበጠችው።

«አሥራ ዘጠኙን ቤት አንተ ዙር። ምን እንደሆነ በአፍህ ንገራቸው።»

ከዚያ ወደ ሊሊሴ ዞረች። «ዴስኮቹን ሁሉ ውሰጂ። የኔን ልጆች ግን ፊት ፊት አስቀምጪልኝ፤ ቋንቋው እስኪገባቸው አፍሽን ማየት አለባቸው።»

«አዳዬ…»

ጃንጥላዋን አነሣች። የግቢው በር ላይ አሻግሬ ባጃጁን አስነሥቶ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ላድርስዎት!»

ጃንጥላዋን ዘረጋችና በዳገቱ ቀጠለች። እስከ መታጠፊያው ድረስ ጥቁሩ ጃንጥላ ይታይ ነበር፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ዘንበል አላለም።