የነጠብጣብ መስመር

በቅጹ ላይ ሴት ክብ ናት፣ ወንድ አራት ማዕዘን። የታመመ ሰው ምልክት ውስጡ ይጠቁራል። ሐኪሟ ይህን ካስረዳችኝ በኋላ፣ በቤተሰብ የሚመጣ የጡት ካንሰርን ለሚያጠናው ቡድናቸው የዘር ሐረጌን እንድሞላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ስህተት ስለማልወድ መጀመሪያ በእርሳስ ሣልሁት። የእናቴ እናት፣ አያቴ፣ ጥቁር። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ጥቁር። የአክስቴ ልጅም ጥቁር፤ እሷ ግን በሕይወት አለች፤ እብጠቷ ሽምብራ ሳያክል ተገኝቶ ወጥቶላታል። እናቴ ነጭ ክብ። ከእሷ ሥር እኔ፣ ሌላ ነጭ ክብ።

ሐኪሟ እንዳለችኝ የሚወረሰው ካንሰሩ አይደለም፤ በዘረመል ውስጥ ያለ ስህተት ነው። ስህተቱ ያለባት ሁሉ አትታመምም፤ ነገር ግን ከሌላው ሴት ይልቅ ያሰጋታል። ትምህርት የጀመርሁ በሃያ ዓመቴ ነው፣ አሁን አርብ ገበያ ከተማ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይዣለሁ፤ እናም ነገሩን በማውቀው ተረዳሁት። ቤተ ልሔም ደብር ያየሁት ዓይነት፣ ብራና ላይ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለበጠው ሁሉ ያችኑ ስህተት ይዞ ይሄዳል። መረዳቴ ግን አላረጋጋኝም። ደሜን ለምርመራ ከሰጠሁ ወዲህ መጽሐፍ ስመዘግብ እጄ በራሱ ወደ ብብቴ ይሄዳል። ተማሪ ሲገባ ነጠላዬን የማስተካክል እመስላለሁ።

የአክስቴ ልጅ፣ እኛ አገር እህት ነው የምንላት፣ ስህተቱ እንዳለባት ከተነገራት ቆይቷል። ደውላ ቀለደችብኝ። “አንች መቼም ፈተና ወድቀሽ አታውቂም፤ እስቲ ይችን የደም ፈተና እንኳ ውደቂልኝ” አለችኝ።

ቅጹ አያቴ በስንት ዓመቷ እንደታመመች ይጠይቃል። ይህን የምታውቅ እናቴ ብቻ ናትና ቅዳሜ እሷ ወዳለችበት ወደ ወገዳ ሄድሁ፤ ከመኪና ወርጄ የቀረውን በእግሬ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ በሰፌድ ገብስ ታበጥራለች። ማንበብ ስለማትችል ከክቦቹ እሷ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ጣቷን ከእሷ ክብ ወደ አያቴ ክብ በሚወጣው መስመር ላይ አሳረፈች።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

“መውለድ ነው። አያቴ አንችን መውለዷን ነው።”

ሰፌዱን አስቀመጠችና ከንስሐ አባቷ ሳትነጋገር አንዲት ቃል እንደማይወጣት ነገረችኝ። እሳቸው ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል፣ እስከ ሰኞ አይመለሱም። ጡቷ ላይ የሆነ ነገር አግኝታ ደብቃኛለች ብዬ ደመደምሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እንስራ ስታነሣ፣ ገብስ ስታሰጣ፣ ዓይኔ ከደረቷ አልነቀል አለ። እሷም ታውቅብኛለች፣ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ከፊቴ ተቀመጠች።

“ግዝቱን ፈቱልኝ፤ ላንችና ለሐኪሟ ብቻ” አለች። “እኔ የጡት ልጅ ነኝ።”

ለካ እናቴ ከሌላ አገር መጥተው የሞቱ ሰዎች ትተዋት የሄዱ ሕፃን ኖራለች። አያቴ ያኔ ልጅ አልነበራትም፤ አክስቴ የተወለደች በኋላ ነው። በቄስና በሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ አጠባቻት፤ ከእንግዲህ ከአብራኳ አልወጣችም የሚል የተወገዘ ይሁን ተባለ። አክስቴ ሳታውቅ ሞተች። ልጇም አታውቅም።

እኔ ከዚያ ደም አይደለሁም ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርሁ። እናቴ ግን ገና አልጨረሰችም።

“ያንኑ ጡት አይደል የጠባሁት? እህቴ ከሞተች ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ራሴን እዳስሳለሁ። አንችንም አጥብቼሻለሁ።”

በመጥባት እንደማይመጣ ቀስ ብዬ ነገርኋት። ያ ስህተት በደም የሚወረስ እንደሆነ፣ ከእነሱ ወደ እኛ እንዳልተሻገረ፣ ወላጆቿን ስለማናውቅ ግን እንደማንኛዋም ሴት መመርመር እንዳለብን አስረዳኋት። ይቀላታል ብዬ ጠበቅሁ። ሰፌዱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

“ታዲያ ከእናቴ ምን ቀረልኝ?” አለች።



ሆስፒታል ስመለስ ለሐኪሟ ነገርኋትና እናቴን ከአያቴ የሚያያይዘውን መስመር ልሰርዘው ላጲስ አወጣሁ። ከለከለችኝ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ከቤቱ አይፋቅም፣ በነጠብጣብ መስመር ይያያዛል አለችኝ። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ፣ እኩል እኩል አራርቄ ሣልኋቸው። የደሜ ውጤትም ደርሶ ነበር። ስህተቱ የለብኝም።

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ደወለች።

“ወደቅሽ?”

“ወደቅሁ።”

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። “ተመስገን። ከቤታችን አንዲት እንኳ ተረፈች” አለች።

ስህተት ሰምቼ ሳላርም ማለፍ አልችልበትም፤ ያን ቀን ግን አለፍሁ። የሚቀጥለው ምርመራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። ቀኑን እስክታስታውስ ድረስ፣ እጄ ብብቴ ሥር ነበር።