«ፔኒሲሊን» ብዬ ስመርጥ «የለም» ብሎ የመዘገበው ኮምፒውተር

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ሰው ከአገር ቤት ወደየሥራው በሚመለስበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሰው ስለ ሐቀኝነት ሲያወራ ስሰማ ፊቴ ድቅን የምትለው አንዲት ልጅ ናት።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። የወረቀት ካርድ ትተን በኮምፒውተር መመዝገብ ከጀመርን ብዙም አልሆነንም ነበር። ፕሮግራሙን የሠራችልን ሰሚራ የምትባል የወልቂጤ ልጅ ናት። ስምና ስልክ እንጽፋለን፤ አንዳንዱን ደግሞ ሲነኩት ወደ ታች ከሚዘረገፍ ዝርዝር እንመርጣለን። የመድኃኒት አለርጂ የሚሞላው እንዲሁ ከዝርዝር ተመርጦ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እማማ ዘይነባ የሚባሉ የመስቃን ሴት እግራቸው አብጦ በሴት ልጃቸው ተደግፈው መጡ። የማይስማማቸው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቃቸው፣ «ፔኒሲሊን የሚሉት መርፌ አንዴ ሊገድለኝ ነበር፤ አላህ ነው ያተረፈኝ» አሉኝ። ከዝርዝሩ «ፔኒሲሊን» የሚለውን መረጥኩ። ላስቀምጥ ስል ስልክ ቁጥር ጎድሏል ብሎ መለሰኝ። ከልጃቸው ተቀብዬ ከላይ ሞላሁና እዚያው «ኢንተር» ተጫንኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከመርፌ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ሲስተር አበባ መርፌውን ቀድታ፣ ከመውጋቷ በፊት እንደ ልማዷ «ፔኒሲሊን ነው፤ ከዚህ በፊት ወስደው ያውቃሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው ነው እማማ ዘይነባ የጮኹት።

ሲስተር ወደ ካርድ ክፍል ሮጣ መጣች። «መሠረት፣ ምን ነካሽ? ሴትዮዋን ልገድላቸው እኮ ነበር!»

መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። አለርጂ፦ የለም።

መርጫለሁ ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ! ሥራ አስኪያጃችን አቶ ብርሃኑ፣ «ኮምፒውተር አይዋሽም፤ ስልክሽን ስትጎረጉሪ ነው። ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» አሉኝ። ሊያባርሩኝ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ራሴ፣ እውነት መርጬ ይሆን ወይ ብዬ መጠራጠር ጀመርኩ።

ጓሮ ወጥቼ ለሰሚራ ደወልኩላት። «ተሳስተሽ ይሆናል» ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ። የስልክ ቁጥሩ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«መሲ፣ ዛሬ ማንም ያንን ዝርዝር እንዳያምን። ሲስተርን ንገሪያት፤ በሽተኛውን ሁሉ በአፍ ይጠይቁ። እኔ ጠዋት እዚያ ነኝ» አለች።

በማግስቱ አቶ ብርሃኑ ቢሮ ስገባ ሰሚራ ቀድማኝ ደርሳለች። ሐኪሙና ሲስተር አበባም ተጠርተዋል። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፈተችና እኔ ያደረግኩትን ሁሉ እፊታቸው ደገመችው። «ፔኒሲሊን» መርጣ፣ ስልክ ሳትሞላ አስቀምጥ አለችው፤ መለሳት። ከታች ያለው ምርጫ ብቻውን ተነስቶ «የለም» ላይ ቁጭ አለ። ሁላችንም አየነው።

«ሰው የሚመርጠው ነገርና መዝገቡ የሚይዘው ነገር እርስ በርስ መታሰር አለባቸው» አለች። «ይቺን የአለርጂ ምርጫ ሳላስራት ቀርቻለሁ። ስለዚህ ገጹ በተመለሰ ቁጥር ምርጫው ይጠፋና የዝርዝሩ መጀመሪያ ይያዛል። መሠረት በትክክል መርጣለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህን ስትል አንገቷን አልደፋችም።

እዚያው ቁጭ ብላ አስተካከለችው። ከ«የለም» በፊት «ይምረጡ» የሚል ጨመረች፤ ካልመረጡ አያስቀምጥም። እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «የለም» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ሁሉ አወጣችና ከእኔ ጋር ስልክ መደወል ጀመረች። ከጥያ ወዲህ ያሉ አንድ አባት፣ ልጃቸው ሰልፋ የሚባለውን መድኃኒት ሲወስድ ሰውነቱ እንደሚያብጥ ነገሩን። እሱም መዝገቡ ላይ «የለም» ነበር። ወዲያው አስተካከልነው።

እማማ ዘይነባን ለሕክምና ሲመለሱ ጠብቃ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ስለ ኮምፒውተሩ የገባቸው አይመስለኝም። «ጥፋቴ ነው ማለትሽ ይበቃል ልጄ፤ አላህ ያቆይሽ» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ልትሄድ ስትል አቶ ብርሃኑ፣ «ከወልቂጤ ሆነሽ ዝም ብለሽ ብታስተካክዪው ማን ያውቅብሽ ነበር?» አሏት።

«መሠረት ከሥራዋ ትባረር ነበራ» አለች።

አቶ ብርሃኑ እኔንም ይቅርታ ጠየቁኝ። ዛሬም እዚያው ካርድ ክፍል ነኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲያ ደፍሬ እናገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እርግጠኛ አይደለሁም። ልጅ ብወልድ ግን እንደ እሷ ያለ ሰው እንዲሆንልኝ ነው የምመኘው።