አስራ አንድ አምፔር

ጠቅላይ ይሉታል። አገር የሚያስተዳድር እንዳይመስላችሁ፤ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ በአዲስ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ነው። የሰፈሩ ሰዎች በሩ ላይ የተደረደሩትን የዛጉ ሞተሮች እያዩ "ጠቅላይ፣ ካቢኔህ ዛሬ አልተሰበሰበም?" ይሉታል። እሱም "ተሰብስቧል፣ ግን ግማሹ ተቃጥሏል" ይላል። ጨዋታ ይወዳል፣ ሰው ማሳቅ ይወዳል። በኋላ ጉድ የሠራውም ይኸው ነው።

ሚስቱን ሲያገባ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ነበር የመጣችው። ልጅቷ መጀመሪያ ሰሞን ከእናቷ ቀሚስ ስር አልወጣም አለች። አንድ ቀን ግን ሱቁ ገባችና ሽቦ የሚያስርበትን ነጭ ክር አይታ "እኔ ልያዝልህ?" አለችው። ያዘችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቋጠሮ ሲያስር ትንሿን ጣቷን ክሩ ላይ የምትጫንለት እሷ ሆነች፤ ድርብ ቋጠሮ ነው፣ ጣቷ ሲወጣ ጥብቅ የሚል። ቁጥር የለየችውም ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ሞተር ላይ ከምትለጠፈው ቆርቆሮ ነው። "ፓምፑ ስንት ጉልበት ይፈልጋል? ሞተሩስ ስንት አለው? ስንት አምፔር ይጎትታል?" ይላታል። እሷም እየተንጠራራች ታነብለታለች። ወደ ተላጠ ሽቦ ሲጠጋ ደግሞ "አባዬ፣ ተጠንቀቅ!" ብላ ትጮኻለች። ያቺን ጩኸት ከመውደዱ የተነሳ አንዳንዴ ሆን ብሎ ይጠጋ ነበር።

አስር ዓመት ሲሞላት እናቷ ሞተች። አጎቶቿ ሊወስዷት መጡ። "ሥጋችን ናት፣ አንተ ባዕድ ነህ" አሉት። ጠቅላይ በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የተቆጣው፤ ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ልጄን ከዚህ ቤት የሚያወጣት በሬሳዬ ላይ ተረማምዶ ነው!" አለ። ሄዱ። እሱም ፀጉር አሠራር ከጎረቤት ሴቶች ተማረ፤ መጀመሪያ የሠራላት ሹሩባ ግራና ቀኙ ስላልተገናኘ ልጅቷ ሳምንቱን በሻሽ ሄደች። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ ሰውየው ልጅቷን አይወዳትም ነበር ብላችሁ እንዳታሙት ነው።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ ቃል አላቸው። ያገለገለ ፓምፕ የሚሸጥበት ብትሄዱ፣ ፓምፑ ከአንዱ ሞተሩ ከሌላው መጥቶ በግድ የተጣመረ ሞልቷል። ይህንን "የእንጀራ ልጅ" ይሉታል። ይባላል፣ ይሳቃል፣ ዋጋ ይወርዳል። ጠቅላይም ዕድሜውን ሙሉ ሲለው ኖሯል። አፉ ስለለመደው ጆሮው አይሰማውም።

ልጅቷ አደገች። ወንዝ ዳር መሬት ተከራይታ ቲማቲም ተከለች። አበባ መያዝ ሲጀምር ወንዙ ሸሸ፤ በባልዲ አመላልሳ ወገቧ ተቆረጠ። ያለ ፓምፕ የትም እንደማትደርስ ገባት።

"አባዬ፣ ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለችው።

"ማን ሊሄድልሽ ኖሯል?" አለ፣ ደስታውን መደበቅ እያቃተው።

ሻጩ አልዋሽም የሚሉት ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ከእያንዳንዱ ውሸት በፊት "አልዋሽም" ስለሚል ነው። አንድ ሰማያዊ ፓምፕ ከግራጫ ሞተር ጋር አሳያቸው። ፓምፑ ላይ ሰባት ተኩል ኪሎዋት ይፈልጋል ተብሎ ተጽፏል። ሞተሩ ላይም ሰባት ተኩል የሚል ቁጥር አለ። የልጅቷ ዓይን በራ።

"አባዬ፣ እኩል ናቸው!"

ጠቅላይ ጎንበስ ብሎ አየ። ሞተሩ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ቦታ ቀለም ተቀብቷል፤ ኪሎዋት ይሁን የፈረስ ጉልበት አይለይም። ከታች ያለው አምፔር ግን ከቀለሙ ተርፏል። አስራ አንድ ይላል። ሰባት ተኩል ኪሎዋት ቢሆን ወደ አስራ አምስት በጎተተ ነበር። አስራ አንድ የሚጎትተው ሰባት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ በኪሎዋት ቢቆጠር ከአምስት ተኩል አያልፍም። እንዲህ ያለው ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፣ ከዚያ ይነድዳል። ይህን ሁሉ በአንድ እይታ አወቀው። ምን ነበር "ሚጣዬ፣ አምፔሩን አንብቢልኝ" ቢላት! አይ ሰው!

አልዋሽም ጣልቃ ገባና "አልዋሽም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። ጠቅላይ ቀና ብሎ ሳቀ። አካባቢው ያሉት ነጋዴዎች እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ተው እንጂ! ይሄ የእንጀራ ልጅ አይደለም እንዴ? የእንጀራ ልጅ ደግሞ መቼ ቤት ያቆማል? ትንሽ ሲሞቀው ጥሎህ ነው የሚሄደው!"

ነጋዴው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠቅላይ ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ ወደ ልጁ ዞረ። በቆመችበት ክው ብላለች። ያኔ ገና ቃሉን በጆሮው ሰማው።

"ሚጣዬ... ስለ ሞተሩ እኮ ነው..."

"ገብቶኛል" አለች፣ ፊቷን ወደ ፓምፑ መልሳ። "እርስዎ ይሂዱ። እኔ እጨርሳለሁ።"

እርስዎ! ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ። ሰው ሲያከብሩት ደስ ይለዋል አይደል? ጠቅላይን ግን ያቺ ቃል አንጀቱን ቆረጠችው። አምፔሩን ሊነግራት ፈለገና አፈረ። በግድም ቢሆን ሊነግራት ይገባ ነበር፤ እውነቱን እናውጣ ካልን ትልቁ ጥፋቱ ይኼ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እሷም በእልህ ያንኑ የእንጀራ ልጅ ገዛች።

ሁለት ሳምንት ወደ ቤት አልመጣችም። በሦስተኛው፣ ከሁለት መንገድ ማዶ ሞተር የሚጠቀልለው፣ ቫርኒሽ የሚሉት ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሁልጊዜ ሽቦ የሚቀባበት ቫርኒሽ ስለሚሸት ነው እንዲህ የሚሉት፤ ሥራ የሚሻሙ ሰዎች ስለሆኑ ሰላምታቸውም ከሩቅ ነው።

"እንዳትነግረው ብላኛለች፣ ግን ሆዴ አልቻለም" አለ ቫርኒሽ። "የልጅህ ፓምፕ ከነሞተሩ እኔ ጋ ነው። ሞተሩ ከሰል ሆኗል።"

"ቲማቲሙስ?"

"ሰባት ቀን ውሃ አላየም።"

ጠቅላይ መሣሪያውን ይዞ ተከተለው። "ባክህ እኔ ልጠቅልለው፣ በአንተ ስም ይሁን" ብሎ ለመነውና በሰው ሱቅ፣ በሰው ወንበር ተቀምጦ ሠራ። ግን መጠቅለል ብቻውን ምን ሊፈይድ? ሞተሩ ያው ነው፣ ነገም ይቃጠላል። ስለዚህ በፓምፑ ሆድ ውስጥ ውሃውን የሚወረውረውን ክብ ብረት አውጥቶ ቶርኖ ቤት ወሰደው። ከሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋቱ ሁለቱን አስላጨው። ውሃው ትንሽ ይቀንሳል፣ ፓምፑ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ከሩብ በላይ ስለሚወርድ ሞተሩ ይችለዋል። ይህ ሁሉ ያን ቀን ገበያ መሃል ሊባል ይችል ነበር። "ግዢው ልጄ፣ እናስማማቸዋለን" ማለት ይቻል ነበር። ነጩን ክር ሲያስር የሚጫንለት ጣት አጣ። ቫርኒሽ "እኔ ልያዝልህ" ቢለው እምቢ አለ፤ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ አሰረው። እንባው ክሩ ላይ ሲወርድ ቫርኒሽ አይቶ እንዳላየ ወደ ውጭ ወጣ።

ሲመለስ "ራስህ ወስደህ ግጠምላት" አለው። "እኔ ውሸት አልችልበትም፣ ፊቴ ላይ ይነበባል።"

ወንዝ ዳር ሲደርስ የቲማቲሙ ግማሽ በቁሙ ደርቋል። ልጅቷ ከስታለች። "ደህና መጡ" አለችው። የሞተሩን ሽቦ ልታገናኝ ክዳኑን ስትከፍት ነጩን ክር አየች፣ ድርብ ቋጠሮውን። እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

ማብሪያውን ሲጫኑት ቱቦው ሁለት ሦስቴ ተንተፋተፈና ውሃው መጣ። ጠቅላይ መለኪያውን ሽቦው ላይ አደረገ።

"አስር ነጥብ ስምንት" ስትል አነበበች፣ ልክ እንደ ልጅነቷ። "አስራ አንድ አልደረሰም። ይችላል።"

አሁን ነው፣ አሁን ካላልኩ መቼም አልልም ብሎ ጀመረ።

"ሚጣዬ፣ ያን ቀን... ስለ ሞተሩ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። "ለስድብ እንዳላሉት እዚያው ቆሜም አውቄያለሁ። ቃሉን እየሰማሁ አይደል እንዴ ያደግኩት? ደንበኞችዎ ሲስቁ አብሬ እስቅ ነበር። ግን እጠብቅ ነበር። እኔ አጠገቡ ስቆም አንድ ቀን ትዝ ይለውና ይተወዋል እል ነበር። ስንት ዓመት ጠበቅኩ። ያን ቀን ደከመኝ።"

ጠቅላይ "አጎቶችሽ በመጡ ጊዜ..." ሊል አስቦ ዋጠው። ውለታ መቁጠር ይሆንብኛል ብሎ ፈራ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ይቅር ብያለሁ።" እውነቷን ነው፤ ፊቷ ላይ ቂም የሚባል አልነበረም። "እንደ ድሮው ልጠራዎትም ሞክሬ ነበር፤ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ። አፌ እምቢ አለኝ።"

ጠቅላይ መሣሪያውን ሸክፎ ተነሳ። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ተረፉት ችግኞች ይሄዳል። ቦዩ ላይ መሻገሪያ ተብላ አንዲት እርጥብ ጣውላ ተጋድማለች። ጠቅላይ ወጣባትና መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ፣ ያ ሽማግሌ፣ ሆን ብሎ ወደ ጠርዟ ጠጋ አለ።

"ያዳልጣል" አለች ከኋላው። "ይጠንቀቁ።"

ተጠንቅቆ ተሻገረ።